ብርድ የሚሻ ዘር

ሦስተኛውን ከረጢት ከፍሪጁ ስታወጣ ቋጠሮው የእሷ አልነበረም።

እሷ ከረጢት ስታስር አንገቱን ሁለቴ ጠምዝዛ፣ ሲባጎውን ሦስት ዙር አዙራ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ሃያ ዓመት ችግኝ ጣቢያ የሠራ እጅ እንዲህ ያለውን ነገር ሳያስብበት ያደርገዋል። ይኼኛው ግን በአንድ ዙር ብቻ፣ ላላ ተደርጎ፣ እንደ ጫማ ክር ሲሳብ በሚፈታ ቋጠሮ ነበር የታሰረው። ተንበርክካ የቀሩትንም አወጣች። ከስምንቱ ከረጢት አምስቱ የእሷ ቋጠሮ ነው፤ ሦስቱ የሌላ ሰው። በፍሪጁ በር ጎማ ላይም እርጥብ አሸዋ ተጣብቋል። ትናንት ከሥራ ስትወጣ ያንን ጎማ በጨርቅ ወልውላው ነበር።

ሦስተኛውን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ ዘሩን ከአሸዋው እየለየች ቆጠረች። ሦስት መቶ መሆን ነበረበት። ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ሆነ። ድጋሚ ቆጠረች፤ ያው ነው። ቀና ብላ በሩን አየችው። የዘር ክፍሉ ያለው ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው። አንደኛው አንገቷ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ለክፉ ቀን ተብሎ በጥበቃው ጎጆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ሌላ ዘር ቢሆን አሥራ ሁለት ፍሬ ጎደለ ብሎ የሚጨነቅ የለም። ይህ ግን መንገድ ዳር የነበረችው የዱር ፖም ዘር ነው። ፍሬዋ ጎምዛዛ ስለነበር ወፍ እንኳ ካልቸገረው አይነካውም። ሥሯ ግን ውሃ በሚተኛበት መሬት አይበሰብስም፤ ከዘሯ በበቀለ ግንድ ላይ የጣፋጩ ፖም ቅርንጫፍ ከተጣበቀ ረግረግ ላይ ሳይቀር ያፈራል። በታችኛው ሜዳ ያሉ አትክልተኞች ሁሉ የሚጠብቁት ያንን ግንድ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ዛፏ ተቆረጠች። ከወደቀችው ዛፍ የተለቀመው ዘር ለሁለት ተከፈለና ግማሹ ባለፈው ዓመት ተሞክሮ በስብሶ ተደፋ። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ሌላው ግማሽ ነው። ከዚህ በኋላ የለም።

ዘሩም አስቸጋሪ ነው። እንደ ባቄላ አፈር ውስጥ ስለከተቱት በሳምንቱ ብቅ አይልም። የብርዱ ወራት ሳያልፍ ቢነቃ እንደሚሞት የሚያውቅ ይመስል ቅርፊቱን ዘግቶ ይተኛል። ስለዚህ ሰው ይሸነግለዋል፤ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ሦስት ወር ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ብርዱና እርጥበቱ አብረው ካልሆኑ ነገሩ አይሆንም። ደረቅ ብርድ ዘሩን ያቆየዋል እንጂ አይቀሰቅሰውም። ሦስት ወሩ ሲሞላ ዘሩ ብርዱ አለፈ ብሎ ያምንና ጥፍር የምታህል ነጭ ሥር ያወጣል። ዛሬ አርባ አንደኛ ቀኑ ነው።

ከረጢቶቹን በራሷ ቋጠሮ አጥብቃ አስራ መለሰቻቸውና ወደ ዋናው በር ሄደች።

ጥበቃው በሩ ላይ ቆሞ አፈር የጫነ መኪና እያስገባ ነበር። አሥር አለቃ ነው የሚሉት። ወታደር ቤትን ከአጥሩ ውጪ እንጂ አያውቀውም፤ ስሙ የወጣለት ትእዛዝ መስጠት ስለሚወድ ነው።

«አሥር አለቃ፣ ትናንት ዘር ክፍል ማን ገባ?»

«የትኛው ዘር ክፍል፣ እትዬ?»

«ስንት ዘር ክፍል አለን?»

ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ... በቃ፣ ቁም!» አለው ሾፌሩን። ከዚያ ሳያያት፣ «ማንም አልገባም» አለ።

«ቁልፉስ?»

«እንደተሰቀለ ነው። እኔ እያለሁ ዝንብ አያልፍም።»

«ዝንብ ሲባጎ መፍታት መቼ ለመደች?»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። እጁን ኪሱ ውስጥ ሳይከት ጥፍሮቹን አየቻቸው። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ጥፍሩ ሥር አፈር የሌለበት ሰው የለም። እሱ ጥፍር ሥር ያለው ግን ጥቁር አፈር አልነበረም፤ ታጥቦ የተነፋ ነጭ የወንዝ አሸዋ ነው። እንዲህ ያለ አሸዋ በግቢው ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ አለ።

ቤቷ ስትደርስ ነገሩን ለባሏ አጫወተችው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ በአፉ ስፒል ይዞ ማውራት ይችልበታል።

«ዘሩን ማን ይፈልገዋል?» አላት።

«ከድልድዩ ማዶ ያለው የግል ችግኝ ቤት። ያቺን ግንድ ካገኘ ገበሬው ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጠርጥሪ።» ስፒሉን ከአፉ አውጥቶ እጅጌው ላይ ሰካው። «ግን በደንብ አጣሪ። ሳታዪ የሰው ጉሮሮ እንዳትዘጊ። ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ጠፋ ስትይ አልነበር?»

«ያ ሌላ ነው። ያ በሰበሰ እንጂ አልተሰረቀም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ አንድ ዓይነት ፍሪጅ ስለሆነ ነው።»

ተነስታ የታጠበውን ሳህን ድጋሚ ማጠብ ጀመረች።

በማግስቱ ከባሏ የስፌት ሣጥን ቀጭን ነጭ ክር ይዛ ሄደችና በፍሪጁ በርና በጎኑ መካከል በሁለት ጠብታ ሙጫ አጣበቀችው። ለማያውቅ ሰው አይታይም። በየቋጠሮው ላይም በእርሳስ አጭር መስመር አሰመረች። ጠዋት ስትገባ ክሩ ደህና ነበር፤ ስትወጣም ደህና። በሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከምሳ ስትመለስ ተበጥሶ አገኘችው። አንድ ቋጠሮ ላይ ያለው የእርሳስ መስመር ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ጫፍ ወደ ሰማይ ሌላው ወደ መሬት ያያል።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ግቢው ሁሉ ሌላ መሰላት። ቧንቧ ጋ የሚያወሩ ሁለት ሴቶች ስትደርስ ዝም ካሉ፣ ስለ እሷ ነው። ሾፌሩ ደህና ዋልሽ ብሎ ከተለመደው ረዘም አድርጎ ካያት፣ አንድ ነገር ያውቃል። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስትገባ ደግሞ እሱንም ጠረጠረችው፤ ከረጢቶቹ ተነኩ ስትለው የተገረመ አይመስልም።

«ሥራ አስኪያጅ፣ የምጠረጥረው ጥበቃውን ነው» አለች፤ የጻፈችውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ እያኖረች።

አነበበው። «እዚህ ላይ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አላየሁም። የእሱ ውል ነገ ነው የሚያልቀው። ከሰዓት በኋላ ላድስለት ወይም ላሰናብተው ይገባል። በዓይንዎ ያዩት ነገር ካለ ከዚያ በፊት ይንገሩኝ።»

«እሺ።»

«አንድ ነገር ልንገርዎ። ባለፈው ዓመት ዘሩ ሲበሰብስ ሽማግሌውን የዘር ክፍል ኃላፊ አሰናበትን። እርስዎም እስካሁን ተጠባባቂ ኃላፊ ነዎት። ዘንድሮም ከጠፋ ግን ሰው አልቀይርም፤ ክፍሉን ዘግቼ ችግኝ ከውጭ እገዛለሁ። ይቀለኛል።»

ይቀለኛል ያለበትን ድምፅ መንገዱን ሁሉ ስታመነዥከው አመሸች።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ አሥር አለቃውንም «መልካም ምሳ» ብላ በዋናው በር ወጣች። በብስባሹ ጉድጓድ በኩል ባለው የፈረሰ አጥር ተመልሳ ገባችና ዘር ክፍሉን ከፍታ፣ ከውስጥ ቆልፋ፣ ከወረቀት ጆንያዎቹ ጀርባ ተቀመጠች። አርባ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት በገዛ ክፍሏ ተደብቃ መቀመጧ አሳፈራት።

ብዙ አልጠበቀችም። ቁልፉ ከውጭ ተሽከረከረ። አሥር አለቃው ገባ፤ ግራ ቀኝ ሳያይ በቀጥታ ፍሪጁን ከፍቶ ሁለት ከረጢት አወጣ። እንደ ሌባ አልቸኮለም። እንደ ታመመ ሰው ደግፎ፣ በሁለት ክንዱ አቅፎ ይዟቸው ወጣ።

ተከተለችው። ከላስቲክ ቤቱ ጀርባ፣ የችግኝ ማሰሮ የሚታጠብበት ቧንቧ ጋ፣ የተገለበጠ ሣጥን ላይ አንድ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ሳፋ፣ ወንፊትና የደረቀ አሸዋ የያዘ ባልዲ አለ። ጀርባውን ብቻ አይታ አወቀችው። ከእሷ በፊት ዘር ክፍሉን ለሠላሳ ዓመት የያዘው ሽማግሌ ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ «ዋናው» ይለው የነበረው።

«ጋሼ» አለች።

አሥር አለቃው ደንግጦ ዞረ። ሽማግሌው ግን እጁን ከሳፋው አላወጣም።

«አንቺ ነሽ? ነይ፣ ይቺን አሽትቻት።»

«እዚህ ምን እያደረጉ ነው?»

«አሽትቺ አልኩሽ።»

የተዘረጋላትን እፍኝ አሸዋ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ኮምጣጣ፣ የቆየ ጭቃ የመሰለ ሽታ ነበረው። ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት ያ ሁሉ ዘር ሲደፋ ግቢውን የሞላው ሽታ ነው።

«ይኼ ያልነካሁት ነው፤ አምስተኛው» አለ ሽማግሌው። እፍኙን ጨመቀው፤ ውሃው በጣቶቹ መካከል ወረደ። «ጭቃ ነው ያደረግሽው። ዘር ዓሣ ነው እንዴ? አሸዋው ሲጨመቅ ጠብ የማይል፣ ሲለቀቅ የማይበተን መሆን አለበት። አንገቱን ደግሞ አንቀሽዋል። ተኝቷል እንጂ አልሞተም እኮ፤ ይተነፍሳል። በየሳምንቱ ከፍተሽ አየር ታስገቢለታለሽ፣ ሻጋታ ያለበትን ትለቅሚያለሽ፣ ላላ አድርገሽ ታስሪያለሽ። እኔ ባላላሁት ቁጥር አንቺ መልሰሽ ታጠብቂዋለሽ።»

አላመነችውም። ከኪሷ የችግኝ ቢላዋዋን አወጣች። ካልታጠበው ከረጢት አንድ ዘር አንስታ ለሁለት ሰነጠቀችው፤ ውስጡ ቡናማ ሆኖ ላሽቋል። እሱ ካጠበው ደግሞ ሌላ ሰነጠቀች። ነጭ፣ ጠንካራ፣ እንደ ጥሬ ለውዝ ቀጭ የሚል ነበር። ሁለቱን መዳፏ ላይ ይዛ ቆመች።

«እና አሥራ ሁለቱስ?» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«የቱ አሥራ ሁለት?»

«ከሦስተኛው ከረጢት የጎደለው።»

«ሰባቱ በስብሶ ጣልኩት። አምስቱን ወሰድኩ።»

«ወሰዱ?»

«ሰረቀ በይ፣ ደስ ካለሽ። ከከፈትኩት ከረጢት ሁሉ አምስት አምስት ወስጃለሁ። ቤቴ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ምራቴ ከወተቴ ጎን ጭቃ አስቀመጠብኝ ብላ በየቀኑ ትነጫነጫለች። አንቺ ሁሉንም ብታበሰብሺው እንኳ ዘሯ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። ያቺን ዛፍ ልጅ ሆኜ ነው የማውቃት።»

አሥር አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ እኔ ጥፋተኛ ነኝ፤ አልክድም። ሽማግሌው ግን አሥር ቀን ሙሉ አጥር ሥር ቆሙ። ፍሪጁን ከፍተህ አሽትተህ ብቻ ንገረኝ አሉኝ። አሽትቼ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ እንዴት እምቢ እላለሁ?»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«በዚህ በር እንዳልገባ ደብዳቤ የተጻፈብኝ ሰው ነኝ» አለ ሽማግሌው። «ብነግርሽስ? ቀንቶብኝ ነው፣ ሥራዬን ሊያበላሽብኝ ነው አትይም ነበር?»

ልትዋሽ አሰበችና ተወችው። «እል ነበር።»

«አየሽ?»

«እርስዎስ?» አለች፤ አሁን ብስጭቷ ወጣ። «ሃያ ዓመት አብሬዎ ስሠራ አሸዋውን ሲያረጥቡ በሩን ይዘጉብኝ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ እጄን አስገብቼ እንድነካው አልፈቀዱልኝም። ከየት ልማር ኖሯል?»

ሽማግሌው ወንፊቱን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቹ ደክመዋል።

«እሱ እውነት ነው። ሙያዬን ካሳየሁ ያባርሩኛል ብዬ ነው። ሳላሳይም አባረሩኝ።»

ሽማግሌው እርጥቡን አሸዋ ከደረቁ ጋር በመዳፉ እያሸ ማዋሃድ ጀመረ። በሩን አልዘጋም፤ የሚዘጋም በር አልነበረም። ጨምቆ አሳያት፣ ለቀቀ፣ ትንሽ ጨመረ፣ እንደገና ጨመቀ። እሷም ሳይጠራት እጇን አስገባች። የአሸዋውን ልክ በጣቶቿ ስታገኘው ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ።

«ባለፈው ዓመት» አለ፣ ዓይኑን ከሳፋው ሳያነሳ፣ «ባለቤቴ ሆስፒታል ስትተኛ በየሳምንቱ ክፈቺው ብዬሽ ነበር የሄድኩት። ከፈትሽው?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ሥራ አስኪያጁም አልጠየቃት፤ በየሳምንቱ የሚሞላውን ሰነድ ብቻ አየ። በሰነዱ ላይ ስድስት ሳምንት፣ ስድስት ሣጥን፣ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ «ተከፍቷል» የሚል ምልክት አለ። ስድስቱንም ምልክት በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ ሽታው ከወጣ በኋላ ነበር ያደረገችው። ከረጢቶቹ በየሳምንቱ ከተከፈቱ ጥፋቱ አሸዋውን ካዘጋጀው ሰው ነው ተባለ። አዘጋጁ ደግሞ ሽማግሌው ነበር። ከጊዜ በኋላ እሷም ዘሩ ራሱ ደካማ ነበር ብላ አምና ተቀመጠች።

«የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከፍቼዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ከዚያ ሌላ ሥራ በዛና... ብርዱ ሥራውን ይሠራል ብዬ ተውኩት።»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ሚስቴ እየሞተች ስለ ከረጢት ልከራከር?» አሸዋውን መጠቅጠቅ ቀጠለ። «በኋላም ደከመኝ። ግን አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ዳዋው አንዴ ይበቃዋል። ይኼ ሰውዬ ቁልፍ ሰጠ ብለሽ ከከሰስሽው ሁለት ልንሆን ነው።»

አሥር አለቃው ወደ እሷ አላየም። ውሉ ዛሬ እንደሚያልቅ ያውቃል፤ ደብዳቤ እንደተጻፈበትም ሳያውቅ አልቀረም። ግቢው ትንሽ ነው።

የቀሩትን ከረጢቶች አብረው አጠቡ። ስትነሳ ጉልበቷ ረጥቦ ነበር። ወደ ቢሮው ስትሄድ ምን እንደምትል በልቧ ስታደራጅ፣ መጀመሪያ የመጣላት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ተሳስቻለሁ፣ ማንም አልገባም፣ ቋጠሮው የራሴ ነው ማለት። ጥበቃው ይተርፋል፤ እሷም ትተርፋለች። ዘሩም ቢሆን አሁን ልኩን ይዟል፤ ከሰባት ሳምንት በኋላ ሥር ሲያወጣ ተጠባባቂ የሚለው ቃል ከስሟ ፊት ይነሳል። ሽማግሌውም ቢሆን እውነቱን ተናገሪልኝ ብሎ አልጠየቃትም። የጠየቃት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ለእሱም መልስ ሰጥታዋለች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ሰውዬው ለምን ብዙ እንዳልጠየቃት ማሰብ ጀመረች፤ ሆን ብሎ እንደሆነ ጠረጠረች፤ ከዚያ ራሷን ታዘበች።

ሥራ አስኪያጁ የጥበቃውን ውልና የእሷን ደብዳቤ ጎን ለጎን አድርጎ ተቀምጦ ነበር።

«አዩ?»

«አየሁ።»

«ማን ነው?»

«በሩን የከፈተው ጥበቃው ነው። የከፈተው እኔ ዘሩን እያበሰበስኩት ስለነበር ነው። ዘሩን ያተረፉት የቀድሞው ኃላፊ ናቸው።» ደብዳቤዋን ከጠረጴዛው አንስታ አጠፈችው። «ይህን እወስደዋለሁ። ሌላ እጽፋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ልታነብ ሞከረች፤ አልቻለችም። «ጥሩ» አለ ቀስ ብሎ። «ዘሩ ከተረፈ ነገሩን ማወሳሰብ አያስፈልግም። ውሉን አድሼ በዚህ እንዝጋው።»

ማለፍ ትችል ነበር። በሩ ከጀርባዋ ክፍት ነው።

«ያለፈው ዓመት ፋይል የት ነው ያለው?»

«የምን ፋይል?»

«ዘሩ የበሰበሰበት። በየሳምንቱ የሚሞላው ሰንጠረዥ ያለበት።»

«እሱማ ያለቀ ጉዳይ ነው እኮ።»

«የሞላሁት እኔ ነኝ። አራቱ ሳምንታት ውሸት ናቸው። አሁን በእጄ መሰረዝ እፈልጋለሁ፤ ፊርማዬን አኑሬበት።»

«የሚሉትን ያውቃሉ? ይህ ሲስተካከል ማን ላይ እንደሚዞር ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

«የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ምሳ ወጥታለች። ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ሰኞ ይምጡ፤ እስከዚያ ያስቡበት።»

«እጠብቃታለሁ» አለችና፣ ግድግዳው ሥር ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች።